ስም ያልተጻፈበት ደብተር

ያን ጊዜ የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንድ ቀበሌ ጸሐፊ ነበርኩ። የተወለድኩት አንኮበር ነው። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ አክስቴ ዘንድ መጣሁና፣ እጅ ጽሑፌ ስለሚነበብ ቀበሌው ወሰደኝ። መታወቂያ እሞላለሁ፣ የይለፍ ወረቀት አዘጋጃለሁ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። ቀይ ሽብር ጋብ ብሎ ነበር፤ የሰው ድምፅ ግን ገና ዝቅ እንዳለ ነው። ሦስት ሰዎች መንገድ ዳር ቆመው ሲያወሩ ያየ፣ ወሬው ጆሮው እንዳይገባ እርምጃውን ያፈጥናል።

ታላቅ ወንድሜ ከሁለት ዓመት በፊት ከቤት ተወስዶ አልተመለሰም። ስሙ ቤታችን ውስጥ አይነሣም። ቀበሌ ስቀጠር አክስቴ እፎይ አለች፤ "እንግዲህ የሚነካን የለም" ነበር ያለችኝ።

ከወንድሜ በኋላ እህል አልዋጥ አለኝ። መጀመሪያ ኀዘን ነው ብዬ ነበር። እያደር ግን አለመብላት ራሱ የምይዘው ነገር ሆነ። ሁሉ ነገር በሰው እጅ በነበረበት ጊዜ እሱ አንዱ ብቻ በእኔ እጅ ያለ፣ ማንም ገብቶ የማይወስድብኝ ይመስለኝ ነበር። ቤት ውስጥ "ቢሮ በልቻለሁ" እላለሁ፤ ቢሮ ደግሞ "ቤት በልቼ ነው የመጣሁት" እላለሁ። የሚያውቅብኝ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሊቀመንበሩ አስጠራኝ።

"ተናኜ፣ በሩን ዝጊው" አለ። ዘጋሁት። ጎበዝ ተናጋሪ አልነበረም፤ ሲያወራ እስክሪብቶውን ይከፍታል፣ ይዘጋል። "ከገበያው ጀርባ ያለችውን ነርስ፣ ሲስተር በላይነሽን ታውቂያታለሽ?"

"በስም አውቃታለሁ።"

"ሐሙስ ሐሙስ በዘጠኝ ሰዓት ቤቷ ሴቶች ይሰበሰባሉ። አንዲቱ ከአልዩ አምባ ድረስ ነው የምትመጣው። ደብተር አላቸው። ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፤ በነጋዴ ጭነት ደብረ ሲና ድረስ ይወርዳል አሉ። የሚጽፉበት ሰዎች ስማቸውን አያሰፍሩም። ጥድ፣ ወይራ፣ ግራር እያሉ ነው የሚፈርሙት።"

"ምን ይጽፉበታል?"

"እሱን ነው እንድታመጪልኝ የምፈልገው። እስከ ቅዳሜ።"

"እኔን ለምን ያስገቡኛል፣ ጓድ ሊቀመንበር?"

ቀና ብሎ ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "ሴቶቹ ሁሉ ከሲታ ናቸው ብለውኛል። አንቺም ከስተሻል። አይጠረጥሩሽም።"

የትእዛዙ ነገር ያስፈራ ነበር። እኔን ግን ያስደነገጠኝ የኋለኛው ቃል ነው። አይቶኛል ማለት ነው። እሱ ካየኝ ሌላ ማን አይቶኛል?

ልወጣ ስል "የወንድምሽ ፋይል አልተዘጋም" አለኝ፤ ረጋ ብሎ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። "አንቺን ግን አምንሻለሁ።"

ረቡዕ ሲስተር በላይነሽ ወደምትሠራበት ክሊኒክ ሄድኩ። ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ረጅም፣ ቶሎ የማትስቅ ሴት ናት። ተራዬ ሲደርስ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ፤ "ምግብ አልስማማ አለኝ።"

ካርዴ ላይ አልጻፈችም። "አልስማማሽ ነው ወይስ አትበዪም?"

"አልበላም" አልኩ። ልዋሽ ሄጄ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱ ከአፌ ወጣ። ዓይኔን ከወለሉ ላይ ማንሣት አቃተኝ።

የልብ ምቴን አዳመጠች፣ የደም ግፊቴን ለካች፣ ሰኞ ሐኪም እንዲያየኝ ብላ ወረቀት ጻፈችልኝ። ከዚያ ድምፅዋን ሳትለውጥ "ነገ በዘጠኝ ሰዓት ቤቴ ነይ፤ እንደ አንቺ የሆንን ሰዎች አለን" አለችኝ።

ስመለስ መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ለምን እንዲህ ቀለለ? የቀበሌ ጸሐፊ መሆኔን ከተማው ያውቃል። የሚደብቁት ነገር ያላቸው ሰዎች እኔን በአንድ ቃል ቤታቸው አይጠሩም። ወይ የሚያጠምዱኝ ነገር አለ፣ ወይ ሴትዮዋ ሞኝ ናት። ሞኝ ደግሞ አትመስልም።

ሐሙስ ስደርስ የቤቱ በር ገርበብ ብሎ ነው ያገኘሁት። ይህም አጠራጠረኝ። የሚያሴር ሰው በር ይዘጋል፤ እነዚህ በር የሚከፍቱት ሰው እንዳይጠረጥር ነው አልኩ ለራሴ። ውስጥ ከሲስተር ሌላ ሁለት ሴቶች አሉ። አንደኛዋ ወይዘሮ ከድጃ ናት፤ ከአልዩ አምባ በርበሬና ጥጥ ወደ ደጋ የምታወጣ ነጋዴ፣ የአርባ ዓመት ሴት። ሁለተኛዋ ጽጌ ትባላለች፤ የቄስ ልጅ፣ በዕድሜ ከእኔ የምታንስ፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ የምትሸፋፈን።

ሲስተር ደብተሩን አወጣች። ጥግ ጥጉ ያለቀ፣ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። የመጀመሪያውን ገጽ አነበበች።

"እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል። የሰው ገላ አይነሣም፤ ከስተሻል፣ ወፍረሻል አይባልም። ምን ያህል በላሽ፣ ምን ያህል ተውሽ አይባልም። ምክር ያልጠየቀች አትመከርም። አንዷ ስትናገር ሌሎቹ ይሰማሉ። አንዷ የባሰባት እንደሆነ ሐኪም ዘንድ ይዘናት እንሄዳለን፤ ይህ ቤት ሐኪም ቤት አይደለም።" ቀና ብላ አየችኝ። "ትስማሚያለሽ?"

"እስማማለሁ" አልኩ። በልቤ ግን እየጻፍኩ ነበር። ደንብ አላቸው። ምስጢር ይጠብቃሉ። ቃል ያስገባሉ። የኅቡዕ ድርጅት ምልክት ምንድን ነው ተብሎ በየስብሰባው የተነገረን ይኸው ነው።

ወይዘሮ ከድጃ ጀመረች። "ረመዳን አለቀ፣ ዒድ ሆነ፣ ሰው ሁሉ በላ። እኔ አልቻልኩም። ቤተሰቡ ኢባዳ፣ ለአላህ ብዬ የያዝኩት ጾም መስሏቸው ማሻአላህ አሉኝ። አላህ ያውቃል፣ ኢባዳ አልነበረም። እህል ስነካ የማላውቀው ፍርሃት ነው የሚይዘኝ። ይህንን ለባሌ ብነግረው ሌላ ነገር ነው የሚመስለው።"

ጽጌ ቀጠለች። ድምፅዋን ለመስማት ጎንበስ ያሰኛል። "ሰው ጾመኛ ናት ሲለኝ ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ በእኔ ይኮራል። ፋሲካ ሲገባ ነው ነገሩ ከእጄ እንደወጣ ያወቅኩት። አሁን ሊጥ መንካት እንኳ እፈራለሁ። ማክሰኞ ወደቅኩ። ትናንት ግን ተነሥቻለሁ።"

ወደቅኩ ማለት ምን ማለት ነው? ተያዘች? ማን ለቀቃት? ጆሮዬ ከቃሉ ጀርባ ሌላ ቃል ይፈልግ ነበር። ሁለቱም ሴቶች ሲናገሩ ማንም ጣልቃ አልገባም፣ ማንም "አይዞሽ፣ እንዲህ አድርጊ" አላለም። ሲጨርሱ ሲስተር "ሰምተንሻል" ብቻ ትላለች። ይህም አጠራጠረኝ። ሴቶች ተሰብስበው ሳይመካከሩ የሚለያዩት የት አገር ነው?

እኔን ማንም አልጠየቀኝም። ልንለያይ ስንል ሲስተር ደብተሩን ወደ እኔ ዘረጋች። "ተራው የአዲሷ ነው። አንብበሽ፣ ከፈለግሽ ጽፈሽ፣ ሐሙስ ትመልሺዋለሽ።"

የተላክሁበትን ነገር ራሳቸው ሰጡኝ። ነጠላዬ ውስጥ ደብቄ ስወጣ ከኋላዬ የሚከተለኝ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር። የማን ሰው እንደሚሆን ግን አላውቅም፤ የእነሱ ወይስ የሊቀመንበሩ?

ዓርብ ጠዋት አሞኛል ብዬ ቤት ቀረሁ። አክስቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደብተሩን ገለጥኩት። ለሊቀመንበሩ የሚሆን ነገር እንድፈልግ ወረቀትና እርሳስ አጠገቤ አስቀምጫለሁ።

አንዱ ገጽ ላይ "ከባለቤቴ ጋር ገበታ ቀርቤ ጨርሼ ተነሣሁ። ከዚያ በኋላ የነበረውን ሰዓት እንዴት እንዳሳለፍኩት እኔ ነኝ የማውቀው። ግን አለፈ" ይላል፤ ግራር ብላ ፈርማለች። ሌላው ላይ "ዛሬ አትምከሩኝ፣ አንብቡልኝ ብቻ" የሚል አለ። ከሥሩ በሌላ እጅ ጽሑፍ "አንብቤልሻለሁ። ወይራ።" ከዚያም በሌላ ቀለም "እኔም አንብቤልሻለሁ። ከደብረ ሲና።" የማይተዋወቁ ሴቶች፣ አንዷ የሌላዋን ፊት ሳታይ፣ እንዲህ ይመላለሳሉ።

ከዚያ እዚህ ላይ ደረስኩ። "ከአፌ ከሚወጣው ቃል ሁሉ ብዙው 'በልቻለሁ' የሚለው ነው። ለእናቴ እላለሁ፣ ለጎረቤት እላለሁ። አንድ ቀን ማንም ሳይጠይቀኝ ለብቻዬ ስል ራሴን ሰማሁት።"

እርሳሱን አስቀመጥኩ። ይህን የጻፈችውን ሴት አላውቃትም፤ እሷ ግን እኔን ታውቀኛለች። ሁለት ዓመት ሙሉ በዓለም ላይ እንዲህ የሆንኩ ብቸኛ ሰው ነኝ ብዬ ነበር።

ወዲያው ደግሞ በሊቀመንበሩ ዓይን አነበብኩት። "ወደቅኩ፣ ተነሣሁ።" "ለማንም አልነገርኩም።" "ከደብረ ሲና።" እያንዳንዱ መስመር ሰው ያሳስራል። ወንድሜን ከዚህ ባነሰ ወረቀት ነው የወሰዱት።

ባዶ ገጽ ፈልጌ የራሴን ጻፍኩ። ከሥሩ ምን ብዬ እንደምፈርም ስላጣሁ ቁልቋል አልኩ። ከዚያ ደብተሩን ይዤ ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ።

ሲስተር ፋሻ እየጠቀለለች ነበር። "ሲስተር፣ ተልኬ ነው የመጣሁት" አልኳት።

መጠቅለሏን አላቆመችም። "አውቃለሁ።"

"ታዲያ ደብተሩን ለምን ሰጡኝ?"

"ሰው ተልኮ ሲዋሽ ዓይኑን ከሰው ላይ አያነሣም። አንቺ 'አልበላም' ስትዪ ወለሉን ነበር የምታዪው። የተላከችዋን አልጠራሁም፤ የታመመችዋን ነው የጠራሁት። አንድ ላይ መምጣታችሁ እኔን አያገባኝም።"

"ከሰጠሁት እናንተ ትታሰራላችሁ። ካልሰጠሁት እኔ ነኝ የምታሰረው።"

ለመጀመሪያ ጊዜ ፋሻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። "ልጄ፣ ስለ ሌሎቹ ገጽ እኔም መወሰን አልችልም፤ የእኔ አይደለም። የራስሽን ገጽ ግን የፈለግሽበት መውሰድ ትችያለሽ።"

ገጼን ቀድጄ ወሰድኩ። ደብተሩን እዚያው ተውኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሊቀመንበሩ ፊት ቆሜ አነበብኩለት። አጭር ነበር። "ወንድሜ ከተወሰደ ጀምሮ ምግብ ከእኔ ጋር አልታረቀም። ሁሉንም ሰው እዋሻለሁ። መሞት አልፈልግም። መብላትም እፈራለሁ። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።"

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ።

"የእኔ ገጽ ነው። ሌላውም እንዲሁ ነው። በሽታ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር፤ ሌላ ነገር የለውም።"

"ደብተሩስ?"

"መለስኩት።"

"ማን ማን ነው ያለበት?"

"የራሴን ብቻ ነው የምናገረው።"

አልጮኸም። ገጹን ከእጄ ተቀብሎ፣ ቀይ እስክሪብቶ አንሥቶ 'ከተወሰደ' እና 'እዋሻለሁ' ከሚሉት ቃላት ሥር አሰመረ። ከዚያ ዘበኛውን ጠርቶ "መጋዘን አስገባት" አለው።

የቀበሌው መጋዘን መፈክር የተጻፈባቸው ጨርቆችና የተሰበሩ ወንበሮች የሚቀመጡበት ነው። እዚያ ለመብላት የማልገደድበት፣ ማንም ገበታ ላይ የማይጠብቀኝ ቦታ አገኘሁ ብዬ ማሰቤን ሳልደብቅ ልንገራችሁ። በሽታው እንዲህ ነው፤ እስር ቤት ውስጥ እንኳ የሚደሰትበት ነገር ያገኛል።

እኩለ ቀን ላይ ዘበኛው በሩን ከፈተ። "ስንቅ መጥቶልሻል።"

"አክስቴ ናት?"

"ሲስተር በላይነሽ። በር ላይ ስሟን፣ አድራሻዋን አስመዝግባ ነው የሰጠችኝ።"

ደነገጥኩ። እኔ ስማቸውን ላለመናገር እዚህ ተቀምጫለሁ፤ እሷ መጥታ በገዛ እጇ ጻፈችው። እሑድ ጽጌ መጣች። ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ከድጃ፤ መዝገቡ ላይ 'ዝምድና' በሚለው ረድፍ ምን ልጻፍልሽ ሲላት "የሐሙስ ጓደኛዬ" እንዳለችው ዘበኛው እየገረመው ነገረኝ።

እኔ ግን ያን ጊዜም ጠረጠርኩ። አፌን መዝጋቴን ሊያረጋግጡ ነው አልኩ። የሆነ መልእክት ልከው ይሆናል አልኩ። ጽጌ ያመጣችውን ዳቦ ከጨርቁ አውጥቼ ወረቀት ፍለጋ ቆረስኩት። አልነበረም። እንደገና ለሁለት ከፈልኩት። የለም። በመጨረሻ ጭኔ ላይ የተበታተነ ዳቦ ይዤ ቀረሁ። ምንም የተደበቀበት ነገር የለም፤ ዳቦ ብቻ ነው።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጽጌ ሊጥ መንካት የምትፈራ ልጅ ናት። ሐሙስ ዕለት ነግራናለች። ይህንን አቡክታ፣ ጋግራ፣ አጠገቡ ቆማ ጠብቃ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ የቄስ ልጅ መሆኗን በር ላይ አስመዝግባ ነው የሰጠችኝ። ይህ ምን ያህል እንደከበዳት እኔ አውቃለሁ፤ ዘበኛው አያውቅም፣ ሊቀመንበሩ አያውቅም። በላሁት። እያለቀስኩ፣ በጣም ቀስ ብዬ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ግድግዳውን ይዤ አሳለፍኩት። ግራር እንደጻፈችው፣ አለፈ።

ሰኞ ከሰዓት ሊቀመንበሩ አስጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ገጼና የበሩ መዝገብ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

"ሦስቱም ስማቸውን ሰጡ" አለ። "የሚደበቅ ሰው እንዲህ አያደርግም። ወይም ከእኔ የበለጠ ብልህ ነው።" እስክሪብቶውን ከፈተ፣ ዘጋ። "ሐሙስ እኔ ራሴ እመጣለሁ። አሁን ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

መጣም። ሽጉጡን እንደታጠቀ በሩ አጠገብ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሲስተር ለእኛ የምታነበውን ገጽ አነበበችለት። "እዚህ ለመቀመጥ በዚህ መስማማት አለብዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር" አለችው።

"እስማማለሁ" አለ።

"እኔ በእሱ ፊት አልናገርም" አለች ወይዘሮ ከድጃ።

"አትናገሪ" አለቻት ሲስተር። "መቀመጥሽ ይበቃል።"

ሊቀመንበሩ ፊታችንን በየተራ ይመረምራል። በመጨረሻ እኔ ተናገርኩ። ስለ ወንድሜ፣ ስሙን ጠርቼ፣ ግርማ ብዬ ተናገርኩ። ከተወሰደ ጀምሮ በሰው ፊት ስሙን ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ውሸቴ ተናገርኩ። ስለ መጋዘኑ ዳቦም ተናገርኩ። ስጨርስ ሦስቱ ሴቶች "ሰምተንሻል" አሉ። ሊቀመንበሩ ወለሉን ያይ ነበር።

ተነሥቶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ። "ደንባችሁ ላይ ቃለ ጉባኤ የሚባል ነገር የለም" አለ። "ከዛሬ ጀምሮ ይያዝ። ተናኜ፣ ዓርብ ዓርብ ትሰጪኛለሽ።"

እንዳዘዘው ያዝኩ። "ተሰበሰብን። ተነጋገርን። ተለያየን።" በየሳምንቱ ይኸው ነው። ሊቀመንበሩ እስኪዛወር ድረስ በየዓርቡ ይህቺን ወረቀት ተቀብሎ ሲያያት ዓይኑ በቃላቱ መካከል ሌላ ቃል ይፈልግ ነበር። አንድም ቀን አላመነንም። ማን እንደጠቆመን እኔም እስከ ዛሬ አላወቅኩም፤ ለብዙ ዓመት ሰላም ያለኝን ሰው ሁሉ አንቺ ትሆኚ እንዴ፣ አንተ ትሆን እንዴ እያልኩ አይቻለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ሐሙስ በኋላ ዳንኩ ብላችሁ እንዳታስቡ። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቻለሁ፣ ወድቄ ተነሥቻለሁ፣ ሁለት ጊዜ ደብተሩን ጥዬ ጠፍቻለሁ። ስመለስ "የት ነበርሽ?" ያለኝ የለም። ያቺ ሳምንት የለወጠችው አንድ ነገር ነው። እስከዚያ ድረስ ሰውን የማውቀው በሁለት መንገድ ነበር፤ ወይ ይጠረጥረኛል፣ ወይ እጠረጥረዋለሁ። የሰማውን ይዞ የትም የማይሄድ ሰው እንዳለ አላውቅም ነበር።

ዛሬ የእህቴ ልጅ በስልኳ እንዲህ ያለ ቡድን ውስጥ ገብታለች። ከመቐለ፣ ከሐዋሳ፣ ከውጭ አገርም የሚጽፉ አሉ፤ ስማቸውን የሚደብቁ፣ ፎቶ የሌላቸው። "እንዴት ነው የምሆነው፣ እታባ?" ብላ ጠየቀችኝ። ይህንን ሁሉ ነገርኳት። እናንተም እንዲህ ያለ ቦታ ከገባችሁ የምላችሁ ያንኑ ነው። ያነበባችሁትን ለጓደኛ አታሳዩ፣ ገልብጣችሁ አታስተላልፉ። የኪሎም ሆነ የምግብ ቁጥር አትጻፉ፤ አንዷ የጻፈችው ቁጥር ለሌላዋ መወዳደሪያ ይሆናል። ምክር ካልተጠየቃችሁ አትምከሩ። የምትሉት ከጠፋችሁ አንብቤልሻለሁ በሉ፤ ትንሽ ቃል አይደለም። የሆነች ሰው ስትደክም ካያችሁ ግን ዝም አትበሉ፣ ሐኪም ዘንድ እንድትሄድ ለምኗት፣ አብራችኋትም ሂዱ።

እኔ አሁን አርጅቻለሁ። በሽታው አንዳንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማኛል፤ ኀዘን ሲመጣ በተለይ። ለማንም የምዋሸው ነገር ግን የለኝም። ዛሬ ጠዋት ቁርሴን በልቻለሁ። የነገውን ነገ አያለሁ።